ቅጹ ላይ «ጥቁር» ወይስ «ኢትዮጵያዊ»? አሜሪካ ውስጥ የዘር ጥያቄ አሞላል

መዝገብ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በቆጠራ፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በሥራ ቅጾች ላይ ስለሚመጣው የዘር ጥያቄ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን እዚህ ያስቀምጥ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ሬስ» የሚለውን «ዘር» ብለን ስንተረጉመው አገር ቤት ያደገ ሰው ሌላ ጥያቄ ነው የሚሰማው። «ዘርህ ምንድን ነው?» ሲባል «ብሔርህ ምንድን ነው? የማን ወገን ነህ?» የተባለ ይመስለዋል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ጥያቄ ሸሽቶ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን ይተወዋል። «ጥቁር» የሚለውም ቢሆን በእኛ አነጋገር የመልክ መለያ ነው። ከአንድ እናት ልጆች አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር ይባላል። አንዲት እናት «እኔ ጠይም ነኝ እንጂ ጥቁር አይደለሁም» ብትል በቋንቋዋ ልክ ናት። ቅጹ ግን ስለ መልክ አይጠይቅም። መንግሥት ለዚህ ሳጥን የሰጠው ፍቺ መነሻው ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የሆነ ሰው ማለት ነው። እናትን ወይም አያትን ስታስሞሉ መጀመሪያ ይህን አስረዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያን» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱንም። ሳጥኑ በአድልዎ ሕግና በሕዝብ ቁጥር ውስጥ ያስገባችኋል፣ መስመሩ ደግሞ ስማችሁን ይይዛል። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ሰው ከሁለቱ አንዱን ያጣል።

የቆጠራ ሰው
መዝገብ ጥሩ ቦታ ነው የጀመርከው። የቆጠራውን አሠራር ልጨምርበት።

በ2010 ቅጽ ላይ ከጥቁር ሳጥን ሥር የሚጻፍበት መስመር አልነበረም፤ «ኔግሮ» የሚለው ቃልም ገና አልወጣም ነበር። በ2020 ቃሉ ወጣ፣ መስመሩ ገባ። ምሳሌ ተብለው የታተሙት ስድስት ናቸው፦ አፍሪካን አሜሪካን፣ ጃማይካን፣ ሄይሺያን፣ ናይጄሪያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊ። ስለዚህ «የእኛን የት እንጻፈው?» የሚል ሰው ካለ ስማችን ወረቀቱ ላይ ታትሟል።

ሌላው ለውጥ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2010 ከተጻፈው ላይ የሚያነቡት የመጀመሪያዎቹን 30 ፊደላት ነበር፣ የሚመዘግቡትም እስከ ሁለት መልስ ነው። በ2020 ወደ 200 ፊደላትና ወደ ስድስት መልስ አደገ። አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ጃማይካዊ የሆነ ልጅ ሁለቱንም በነጠላ ሰረዝ ለይቶ ቢጽፍ ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ውጤቱ በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ጋር «ኢትዮጵያዊ» ያለው ሰው 325 ሺህ ገደማ ሆነ። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከናይጄሪያ (604 ሺህ ገደማ) ቀጥሎ ሁለተኛ ማለት ነው። ይህ ቁጥር መስመሩን የሞሉትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ መስመሩን ባዶ የተወ ሰው ጥቁር ተብሎ ተቆጥሯል፣ ኢትዮጵያዊ ተብሎ ግን አልተቆጠረም። ማኅበሮቻችን «እኛ ከዚህ በላይ ነን» የሚሉት አለምክንያት አይደለም፤ ያልጻፈ ሰው ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄውን ባዶ ስትተዉ ምን እንደሚሆንም እወቁ። የቆጠራ ቢሮው ባዶ አያስቀረውም። ከቤተሰቡ ሌላ ሰው መልስ ወይም ከሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት ወስዶ ይሞላዋል። ጭራሽ ቅጹን ያልመለሰ ቤት ደግሞ በር የሚያንኳኳ ሠራተኛ ይላክበታል፤ ደጋግሞ መጥቶ ሰው ካጣ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤት ስለ እናንተ ምን ያውቃል? «ጥቁር ናቸው፣ አራት ይመስሉኛል» ይላል። አያት ከተረሱ፣ ሕፃኑ ከተረሳ፣ በዚያው ቀረ።

ቆጠራው ራሱ ጥቁሮችን አጉድሎ ነው የሚቆጥረው። ቢሮው ከ2020 በኋላ ባደረገው ማጣሪያ የጥቁር ሕዝብ በ3.30 በመቶ ጎድሎ ተገኘ፤ ሂስፓኒክ (መነሻቸው ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር) ያልሆኑ ነጮች ደግሞ በ1.64 በመቶ በዝተው ተቆጥረዋል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ2.79 በመቶ ጎድለዋል።

ሶስና
የቆጠራ ሰው፣ አንድ ነገር ግልጽ አድርግልኝ። አዲሱ የመንግሥት የዘር ጥያቄ መመሪያ ላይ «መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ» የሚል ሳጥን መጥቷል ይባላል። አንዳንድ ሰው «እኛ እዚያ ነን» እያለ በቴሌግራም ያሰራጫል። ከእስራኤል የመጡ ቤተ እስራኤሎችስ የት ይሙሉ?

የቆጠራ ሰው
ሶስና፣ መመሪያው በማርች 2024 የወጣ ነው። የዘርና የሂስፓኒክ ጥያቄ አንድ ላይ ሆነ፣ ሳጥኖቹ ሰባት ሆኑ፣ ሁሉንም የሚመለከታችሁን ምረጡ ይላል። መሥሪያ ቤቶች የሚቀይሩበት የዓመታት ጊዜ ስለተሰጣቸው ለጊዜው አሮጌውም አዲሱም ቅጽ ያጋጥማችኋል።

በአዲሱ ሳጥን ሥር የተጠቀሱት ምሳሌዎች ሊባኖሳዊ፣ ኢራናዊ፣ ግብፃዊ፣ ሶሪያዊ፣ ኢራቃዊና እስራኤላዊ ናቸው። ኢትዮጵያዊና ሶማሊ በስም የተጻፉት በጥቁር ሥር ነው። ቴሌግራሙ ስህተት ነው። ከዚህ በፊት የዚያ አካባቢ ሰዎች በነጭ ሥር ነበር የሚቆጠሩት፤ ሳጥኑን ለዓመታት የጠየቁት እነሱ ናቸው።

ቤተ እስራኤል ሁለቱንም መምረጥ ይችላሉ፤ በጥቁር ሥር ኢትዮጵያዊ፣ በአዲሱ ሥር እስራኤላዊ። ከአንድ በላይ መምረጥ ከ2000 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ማንም «አንዱን ምረጡ» ሊላቸው አይገባም።

ደብተራ
እኔ በዚህ አልስማማም። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለው፣ የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ነው። በቅኝ ያልተገዛን ነን። አሜሪካ ለራሷ ታሪክ በሠራችው ሳጥን ውስጥ ለምን እንገባለን? «ሌላ» የሚለውን መርጠን «ሐበሻ» ብለን ብንጽፍ ምን ነውር አለው?

መዝገብ
ደብተራ፣ ነውር የለውም፤ የሚያመጣው ግን ያሰብከውን አይደለም። «ሐበሻ» ለኢትዮጵያም ለኤርትራም ይሆናል፣ የትኛው አገር እንደሆነ አይለይም። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ የሆነ ወገናችን ደግሞ ራሱን ሐበሻ ብሎ ላይጽፍ ይችላል። ብሔሩን መጻፍ የሚፈልግ ይጻፍ፣ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ነጠላ ሰረዝ አድርጎ የአገሩን ስም ይጨምርበት።

ሳጥኑ የአሜሪካ ታሪክ ነው ያልከው እውነት ነው። እኛ ግን የምንኖረው በዚያ ታሪክ ውስጥ ነው። አፍሪካውያን በአሜሪካ ዜግነት እንዲያገኙ በር የተከፈተው በ1870 ሕግ ነው፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ ባርነት በተሻረ ማግስት። ዛሬ ዜግነት የምንምልበት መንገድ የተጠረገው በአሜሪካ ጥቁሮች ደም ነው።

ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ሳጥኑን የሚሞላልን ሌላ ሰው ነው። በኖቬምበር 1988 በፖርትላንድ ኦሪገን ሙሉጌታ ስራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት የነጭ ዘረኞች ስለ ፊደሉም ስለ ዓድዋም አልጠየቁትም። ቤተሰቡ የወከላቸው ጠበቆች በ1990 ቡድኑን ያነሳሱትን መሪዎች ከስሰው 12.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረዱባቸው። ክሱ የቆመው ለጥቁሮች መብት በታገሉ ሰዎች ድጋፍና በሕጋቸው ነው።

ፍርድ አዋቂ
መዝገብ የጀመረውን በሕግ በኩል ልቀጥል፤ ሰው በየጊዜው ጉዳዩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ሥራ ቦታ አድልዎ ደርሶበት ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ቅጹ ላይ የምክንያት ሳጥኖች ያገኛል፦ ዘር፣ ቀለም፣ የትውልድ አገር፣ ሃይማኖት እያለ ይቀጥላል። የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ነው» ብሎ «የትውልድ አገር» ላይ ብቻ ምልክት ያደርጋል። በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ ተከሳሹ «አቤቱታው ውስጥ ዘር የሚል የለም» ይላል፤ ዳኛውም ክሱን በአቤቱታው ላይ በሰፈረው ይወስነዋል። እውነታው የሚፈቅድ ከሆነ ዘርንም የትውልድ አገርንም ምረጡ፣ በመግለጫውም «እንደ ጥቁርና እንደ ኢትዮጵያዊ» ብላችሁ ጻፉ። አለቃው በአነጋገራችሁ አሾፈ? ያ የትውልድ አገር ነው። ጥቁር ሠራተኞችን ሁሉ ወደ ሌሊት ፈረቃ ወረወረ? ያ ዘር ነው። አንድ አለቃ ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል።

«ቀለም» የሚለው ሳጥን ደግሞ መዝገብ ጠይምና ቀይ እያለ ያነሳውን መልክ የሚመለከት ነው። የአንድ አገር ሰው የሆነ አለቃ ቀላ ያለችውን ገንዘብ ተቀባይ አድርጎ ጠቆር ያለችውን ወደ ጓዳ ቢልክ ሕጉ ይሸፍነዋል።

ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ቁጠሩ። አቤቱታው ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ክልሉ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ 300 ናቸው። ጆርጂያ ውስጥ የግል ድርጅት ከሆነ 180 ነው፤ የአትላንታ ሰዎች ይህን ያዙ። ከሂውማን ሪሶርስ ጋር የምታደርጉት የውስጥ ክርክር ቀኑን አያቆመውም።

ኮሚሽኑ የሚያስፈጽመው ይህ የአድልዎ ሕግ የሚሠራው 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ላለው ድርጅት ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ አለ፤ የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይሰጣል፣ በኮሚሽኑ በኩል ማለፍም አያስፈልግም። ነገር ግን እሱ ስለ ዘር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ሲወስን የዘር ሐረግንና የጎሣ መለያን ይጨምራል፣ የተወለዱበት አገር ብቻውን ግን አይበቃም ብሏል። «እኔ ጥቁር አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብሎ በጽሑፍ የላከ ሰው ይህን በር በገዛ እጁ ነው የሚዘጋው።

ላብራቶሪ
የሆስፒታል ቅጽ ላይ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለ፤ በተለይ ኩላሊት የሚታከም ዘመድ ያላችሁ አንብቡት።

የኩላሊት ሥራ የሚለካው በደም ውስጥ ካለ ክሬአቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ተነስቶ በሚሠራ ስሌት ነው፤ ውጤቱ ሲያንስ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። በ2009 የወጣው ስሌት ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ከሱ በፊት የነበረው በ1.212። ብዙ ላብራቶሪ ውጤቱን በሁለት መስመር ያትመው ነበር፣ «አፍሪካን አሜሪካን ከሆነ» እና «ካልሆነ» እያለ። ችግሩን በቁጥር እዩት። የንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ስሌቱ ሳይባዛ 18 የወጣለት ሰው ወረፋ ይይዛል። ጥቁር ተብሎ ከተመዘገበ 18 በ1.159 ሲባዛ 20.9 ይሆናል፤ ኩላሊቱ ያው ነው፣ ወረፋው ግን አልጀመረም።

በ2021 ዘር የሌለበት ስሌት ወጣ። በ2022 የአገሪቱን የንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያስተዳድረው መረብ የድሮውን ማባዣ ለወረፋ መጠቀም ከለከለ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ ማዕከሎቹ የተጎዱ ጥቁር ታካሚዎችን ፋይል መርምረው ወረፋቸውን ወደ ኋላ እንዲያስተካክሉ አዘዘ። እዚህ ላይ ነው ምዝገባው የሚፈይደው። የድሮው ላብራቶሪ በጥቁር ስሌት እየለካው ሆስፒታሉ ፋይል ላይ ግን «ሌላ» ተብሎ የተመዘገበ ወገን ሲጣራ ሊያመልጥ ይችላል።

የሚደረገው ይህ ነው፦ ለማዕከሉ አስተባባሪ ደውላችሁ ፋይሉ ላይ ዘር ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠይቁ፤ ከዚህ በፊት የታከማችሁባቸውን ቦታዎች የክሬአቲኒን ውጤት ከነቀኑ አሰባስባችሁ ስጡ፤ «ወረፋዬ እንዲስተካከል ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የቀድሞው ውጤት ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ ሆስፒታል ከሆነ ማዕከሉ በራሱ ላያገኘው ስለሚችል ወረቀቱን እናንተ አምጡ።

ሶስና
ላብራቶሪ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ለዲያሊሲስ ታካሚዎች ዛሬውኑ ነው ማካፈል ያለብን።

የትምህርት ቤት እናት
የትምህርት ቤቱን እኔ ልጨምር።

የልጁን ዘር ባዶ ብትተዉት የሕዝብ ትምህርት ቤት የፌዴራል መመሪያ ስላለበት ሠራተኛው ልጁን አይቶ ራሱ ይሞላል። ስለዚህ አለመምረጥ የሚባል ነገር የለም፤ ምርጫው እናንተ ትሞላላችሁ ወይስ ጸሐፊዋ ነው። አብዛኛው የትምህርት ቤት ቅጽ «ኢትዮጵያዊ» የሚጻፍበት መስመር የለውም። እዚያ ስማችንን የሚይዘው ሌላ ወረቀት ነው፦ የቤት ቋንቋ መጠይቁ።

በዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ወላጅ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል፣ ልጄን ዝቅ ያለ ክፍል ያስገቡብኛል ብሎ ፈርቶ። አማርኛ ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፤ ልጁ ካለፈ በመደበኛው ክፍል ይቀጥላል። ካላለፈም ድጋፍ ያገኛል፣ ወላጅም ድጋፉን አልፈልግም ማለት ይችላል። እንግሊዝኛ ብላችሁ ስትጽፉ ግን ትምህርት ቤቱ የአማርኛ ተናጋሪ ቁጥሩ አነስተኛ ነው ብሎ አስተርጓሚ አይመድብም። የሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ የሚጽፉት ቁጥሩ ስለታየ ነው።

ቋንቋው ላይ «ኢትዮጵያን» ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ የሚባል ቋንቋ የለም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ የሆነውን ጻፉ።

ፍርድ አዋቂ
የትምህርት ቤት እናት ስለ ቋንቋ ያሉት የቆጠራ ቢሮው ለሚያደርገው የየዓመቱ የማኅበረሰብ ዳሰሳም ይሠራል። ይህ ዳሰሳ በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻ ይላካል፤ ሲደርሳችሁ አትጣሉት፣ በሕግ ግዴታም ነው። «እንግሊዝኛ ምን ያህል ትናገራለህ?» ይላል። «በጣም ጥሩ» ከሚለው በታች የመረጠ ብቻ ነው የቋንቋ እርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ የሚቆጠረው። ሰዎቻችን ከይሉኝታ የተነሳ «በጣም ጥሩ» ይላሉ፣ ከዚያ ሆስፒታል ሲገቡ የ10 ዓመት ልጅ ያስተረጉምላቸዋል። ጥያቄው ጉብዝናን አይለካም፤ ከሐኪም ጋር ያለችግር መነጋገር ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ መልሱት።

ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ ይተረጎማሉ። አማርኛ በዚህ ነው የገባው። የምርጫ ወረቀትን ግን በተመለከተ የፌዴራሉ የድምፅ መስጫ መብት ሕግ የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካን ኢንዲያንና የአላስካ ነባር ቋንቋዎችን ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪ መቶ ሺህ ቢሆን እንኳ በዚያ አንቀጽ አይገባም። ያንን የሚቀይረው ኮንግረስ ነው፤ ለጊዜው መንገዱ በከተማና በካውንቲ ምክር ቤት በኩል ነው፣ እነሱም መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁጥር ነው።

አትላንታ
አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የባሪያ ንግድ ሰለባ የነበሩት የአሜሪካ ጥቁሮች «ከስደተኞች ጋር አትቀላቅሉን፣ የእኛ ቁጥር ለብቻው ይታይ» ይላሉ። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንቀየማለን። ጥቁር ብለን ከሞላን የነሱን ቦታ እየወሰድን ነው ወይ?

መዝገብ
ጥያቄህ ትልቅ ነው፤ መቀየም ግን የለብንም። ፒው በተባለው የጥናት ተቋም መሠረት በ2019 ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ከ10 ሰው አንዱ ውጭ አገር የተወለደ ነበር፣ 4.6 ሚሊዮን። ሁሉም በአንድ ሳጥን ሲታይ የመጣንበት ዲግሪም፣ ያጣነውም፣ ያተረፍነውም ከእነሱ ጋር ተደባልቆ አማካይ ይሆናል። ለትውልዶች ቤት እንዳይገዙ የተከለከሉ ሰዎች «የጥቁር ገቢ ተሻሽሏል» ሲባሉ የተሻሻለው የማን እንደሆነ መጠየቃቸው ትክክል ነው። በ2024ቱ መመሪያ ላይ የተለየ መደብ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር፤ አልገባም።

ለዚህ ነው መስመሩን መሙላት ለእኛ ብቻ የማይጠቅመው። «ኢትዮጵያዊ» ብለህ ስትጽፍ ራስህን ከጥቁር ሕዝብ አላወጣህም፣ የእነሱን ቁጥር ግን አላደበዘዝክባቸውም። በመስመሩ ላይ «አፍሪካን አሜሪካን» ብሎ መጻፍ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ትናንት የመጣ ሰው ግን የአገሩን ስም ይጻፍ።

የቆጠራ ሰው
አትላንታ ጥሩ ጠየቅህ። እኔ ለ2030 ከወዲሁ ሦስት ነገር ላስታውስና ልሂድ።

ቤዝመንት የተከራየ ሰው። አንድ አድራሻ ላይ ሁለት ቤተሰብ ሲኖር ባለቤቱ የራሱን ብቻ ይሞላል። ቅጹ የሚጠይቀው በኤፕሪል 1 በዚያ አድራሻ የሚኖረውንና የሚያድረውን ሁሉ ነው፤ ዘመድ ይሁን አይሁን፣ ኪራይ ይክፈል አይክፈል። የ2020ው ወረቀት ሙሉ ጥያቄ የያዘው ለ6 ሰው ብቻ ነበር፣ ከዚያ በላይ ያሉት በአጭሩ ነው የሚጻፉት። ብዙ ሰው ያለበት ቤት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ቢሞላ ይሻላል። በ2020 ኢንተርኔቱ አማርኛ አልነበረውም፣ የአማርኛ መመሪያ ወረቀትና ቪዲዮ ግን ነበር፤ ወጣቱ መመሪያውን ከፍቶ ከሽማግሌው ጋር ጎን ለጎን ይሙላ።

የአባት ስም። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ መጨረሻ ስም መያዛቸው ቆጠራውን አያበላሽም። ዝምድናው የሚታወቀው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ለማስተካከል ብላችሁ ስም አትቀይሩ።

ፍርሃት። መልሱ በሕግ ለ72 ዓመት ይታሸጋል፣ አሳልፎ የሰጠ የቢሮው ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት አለበት። በ2020 የዜግነት ጥያቄ ለማስገባት ተሞክሮ በጁን 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አግዶታል።

ሶስና
ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ እናትስ? በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ቢኖሩ ይጻፋሉ?

የቆጠራ ሰው
ለጥየቃ መጥተው የሚመለሱ ከሆነ አይጻፉም፤ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ልጅ ለማሳደግ መጥተው እዚሁ መኖር ከጀመሩ ቪዛቸው ምንም ይሁን ይጻፋሉ። ያን ጊዜ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን ከማሳየትሽ በፊት መዝገብ መጀመሪያ ላይ ያለውን አስረጃቸው።